«የማን ልጅ ነው?» ብለህ ካርድህን አትስጥ

ወገኔ፣ ዛሬ ስለ ሌላ ሰው አናወራም። ስለራሳችን ነው የምናወራው፤ ስለ እኛው ካርድ፣ ስለ እኛው ጣት።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ወልድያ ሻይ ቤት ውስጥ፣ መርሳ ገበያ ላይ፣ ውርጌሳና ሲሪንቃ መንገድ ዳር የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሰውዬው የማን ልጅ ነው? ዘሩ ከየት ነው?» ምን ሠርቶ ያውቃል፣ ምን ሊሠራ ነው የሚለው ጥያቄ ከመጣም ከሦስተኛው ቡና በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ሰውዬው የእኛ ከሆነ አለቀ፤ የእኛ ካልሆነም አለቀ።

አቋማችንን ከላይ እናስቀምጠው። ተስማማህም አልተስማማህም እስከ መጨረሻው አንብበው። በዘሩ ብቻ የመረጥከው ሰው ላንተ ዕዳ የለበትም። ድምፅህን ሳይለፋ እንደሚያገኘው ያውቃላ! ሳይለፋ ላገኘው ነገር ደግሞ ማንም መልስ አይሰጥም። ሕዝባችን የተጎዳው ሌላው በዘር ስለመረጠ ብቻ አይደለም። እኛም በዘር ስንመርጥ የራሳችንን ሰው የምንይዝበትን ልጓም ስለጣልን ነው።

መጀመሪያ ካርዱ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። እኛ እንደ ኬንያ ፕሬዚዳንት በቀጥታ አንመርጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው፤ አብረው ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። ሳህለወርቅ ዘውዴ በ2011፣ ታዬ አጽቀሥላሴ በ2017 ዓ.ም. የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ዋናው ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው፤ እሱንም በአንቀጽ 73 የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። በዘውዱ ጊዜ ንጉሡን አልመረጥንም። መንግሥቱ ኃይለማርያምን ፕሬዚዳንት ያደረገው ሸንጎው ነበር። የዚህች አገር ሕዝብ ርዕሰ ብሔሩን በገዛ እጁ መርጦ አያውቅም።

ስለዚህ አንተ እጅ ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምርጫ ክልልህ ተወካይ። ከሀብሩ ገበሬ እስከ አራት ኪሎ የተዘረጋው ክር ያ አንድ ሰው ነው። እሱን «የማን ልጅ ነህ?» ብቻ ብለህ ከላክኸው ክሩን ራስህ በጠስከው ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ ዘር የመቁጠር ነገር ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። የተሠራ ነው። አንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤት ያደረገው ብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ነው። አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩበትን መስፈርት ሲዘረዝር የሕዝብ አሰፋፈርን፣ ቋንቋን፣ ማንነትንና ፈቃድን ነው የጠቀሰው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። ልጅ ሆነን መታወቂያ ስናወጣ የሥራ ችሎታችንን የጠየቀን የለም፤ ብሔራችንን ግን ተጠይቀናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ የተጠየቀ ሕዝብ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሲገባ በሌላ ሚዛን እንዲመዝን ትጠብቃለህ?

የምርጫ ሥርዓቱ ደግሞ ጨመረበት። በአንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። መቶ መራጭ ካለ፣ አርባው ለአንዱ፣ ሠላሳ አምስቱ ለሌላው፣ ሃያ አምስቱ ለሦስተኛው ቢሰጡ ባለ አርባው አሸነፈ። የስልሳው ሰው ድምፅ ውኃ በላው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ የአንድ ወገን ሰው በብዛት በሚኖርበት ቦታ የሚወዳደር ፓርቲ ሌላውን ማሳመን ምን አደከመው? «እኔ የአንተው ነኝ፣ እነዚያ ሊበሉህ ነው» ካለ በቂው ነው። ፖሊሲ መጻፍ ይቀራል፤ ማስፈራራት ብቻ ይበቃል።

ሐረሪን ተመልከት። የክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበር አለው። ከነዚህ 14ቱን የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፤ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩት ሐረሪዎችም ጭምር። ቁጥሩ ያነሰ ሕዝብ እንዳይዋጥ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ምክንያቱ ይገባናል። ግን ነገሩን ልብ በለው፤ ሐረር ተወልዶ ሐረር ያደገ የሌላ ብሔር ሰው የማይመርጠውን ወንበር፣ አዲስ አበባ የሚኖር ሐረሪ ይመርጠዋል። እዚያ ድምፅ የመኖሪያ አድራሻ ሳይሆን የዘር ሐረግ ጉዳይ ሆኗል።

አሁን ወደሚያመን ጉዳይ እንምጣ፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ። የክልሉ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤቶች ብሎ በስም የጠራቸው አምስት ናቸው፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ። እዚያ ተወልዶ ያረጀ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገው በባለቤትነት ዝርዝር ውስጥ የለም። በ1992ቱ ምርጫ እዚያ ለመወዳደር የተመዘገቡ ሰዎች የበርታን ቋንቋ አይችሉም ተብሎ ከውድድር ተሰረዙ። ምክንያት የተደረገው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111/1987 ነው፤ ዕጩ የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። ሰዎቹ ዝም አላሉም፤ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄዱ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. ወሰነ። ሕጉን አልሻረም፤ ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ አማርኛ የሚችል ዕጩ ሊከለከል አይገባም ነበር አለ። ትክክለኛ ነገር ነው። ግን ፍትሑ የመጣው ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ከተቀመጠ በኋላ የሚመጣ ፍትሕ ምን ይጠቅማል?

ይሄን ስታነብ ደምህ ይፈላል። የእኛም ፈልቷል። በዚያው ክልል መተከል ውስጥ ስንት ወገን እንዳለቀ እናውቃለን። በ2013 ምርጫ ሲካሄድ መተከል ድምፅ መስጠት እንኳን አልቻለም። አንድ ሕዝብ በድምፁ ራሱን መከላከል ሲያቅተው ምን እንደሚመጣ ከእኛ በላይ የሚነግረን የለም።

ግን ወገኔ፣ ቁጣህን እዚህ ላይ ያዝልኝና አንድ ጥያቄ መልስ። አሶሳ ላይ የተወለደ አማራ «እዚህ ተወልጃለሁ፣ እዚህ ግብር ከፍያለሁ፣ የመመረጥ መብት አለኝ» ሲል ልክ ነው ካልን፣ ወልድያ ላይ ሱቅ ከፍቶ ሠላሳ ዓመት የኖረ የሌላ ብሔር ሰውስ? ከሚሴ ያለው ኦሮሞስ? አርጎባውስ? የዋጉ ኽምራስ? አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ሲሰጥ በዘር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ነው የሚለው። ይህን አንቀጽ አሶሳ ላይ እየጮህንበት ወልድያ ላይ ልንረግጠው አንችልም። ሚዛን አንድ ነው። ለኛ ሲሆን መብት፣ ለሌላው ሲሆን ወረራ የሚል ክርክር የትም ፍርድ ቤት አያዋጣም፤ ሕሊናም ፊት አያዋጣም።

ደግሞስ በእኛው መካከል ያለው አድልዎ ትንሽ ነው እንዴ? «ጎጃሜው በላው፣ ጎንደሬው ወሰደው፣ ሸዌው አስቀደመው፣ ወሎ ተረሳ» የሚለውን ወሬ ማን ነው የማያውቀው? ወሎ ውስጥ ራሱ «ከላይ ነው ከታች?»፣ «የወልድያ ነው የመርሳ?» ይባላል። ይባስ ብሎ ዕጩው በስሙ ይመዘናል፤ ሙስሊም ነው ክርስቲያን? አንድ ቤት ውስጥ ገብሬና አሊ ወንድማማች ሆነው ያደጉበት፣ የአባቱ ስምና የልጁ ስም ሁለት ሃይማኖት የሚናገርበት አገር ላይ እኮ ነው ይሄ የሚባለው! ወሎዬነት የምንኮራበት ነገር ከሆነ ኩራቱ ድምፅ መስጫው መጋረጃ ውስጥም ይግባ።

እዚህ ላይ «እኔ ዘረኛ አይደለሁም፣ በሐሳብ ነው የምመርጠው» የምትል ትኖራለህ። ሁላችንም እንላለን። ሰው አድልዎውን በአደባባይ አይናገርም። አሜሪካኖች ለዚህ ነገር ስም አላቸው፤ «የብራድሌይ ውጤት» ይሉታል። ቶም ብራድሌይ የሎስ አንጀለስ ከንቲባ የነበረ ጥቁር ፖለቲከኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለካሊፎርኒያ ገዥነት ሲወዳደር የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ይመራል ብለው ነበር። ቆጠራው ሲያልቅ ከ100 ሺህ ባነሰ ድምፅ ተሸነፈ። ብዙዎች እንዳስረዱት ጠያቂ ፊት «እመርጠዋለሁ» ያለው ሰው ሁሉ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ አልመረጠውም። ሌሎች ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው ብለው ይከራከራሉ። በዚያችው አገር እ.ኤ.አ. በ2008 ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ዘረኝነት ስለጠፋ አልነበረም። በዚያ ዓመት ባንክ ሲወድቅ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ብዙ ነጭ መራጭ ከቆዳው ይልቅ ኪሱን ስላሰበ ጭምር ነው። ከዚህ የምንወስደው፣ አድልዎ በስብከት ብቻ እንደማይለቅ ነው። ሰው የሚጠይቀው ተጨባጭ ጥያቄ ሲያገኝ ግን ይላላል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንመለስ። ብአዴን ለብዙ ዓመታት በአማራ ስም ወንበር ይዟል። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሰጠው ማብራሪያ «መሪዎቹ አማራ ስላልነበሩ ነው» የሚል ነው። እሺ፣ ይሁንልህ፤ የአንዳንዱን የትውልድ ሐረግ ቆጥረህ አሳየኸን እንበል። አማራ የነበሩትስ? ከገበሬ ቤት የወጡት፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ የተወለዱት የዞንና የወረዳ አመራሮች የተሻለ ጠየቁልህ? የብአዴን ችግር ደሙ አልነበረም። የሚፈራው መራጭ ስላልነበረ ነው። በ2002 ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ። በ2007 ደግሞ 547ቱንም ጠቅልለው ወሰዱ። አንድም ወንበር አልቀረም! እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ወደ ላይ እንጂ ወደ ሀብሩ አያይም። የሾመው አለቃው ነዋ። ይህን ሰው በሌላ «ንጹሕ» ሰው ብትተካውና አሠራሩ እንዳለ ቢቀር፣ ንጹሑም ወደ ላይ ነው የሚያየው።

ሌላ የቅርብ ምሳሌ። በ2013 ምርጫ አብን በአማራ ስም ተወዳድሮ በተወካዮች ምክር ቤት 5 ወንበር አገኘ። ብልጽግና ውጤታቸው በተገለጸው 436 ወንበሮች ውስጥ 410 ወሰደ። የአብን ሊቀመንበር በለጠ ሞላ በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ፓርቲ ስም የተመረጡት ክርስቲያን ታደለ ደግሞ በ2015 መጨረሻ ታሰሩ፤ በኋላም ያለመከሰስ መብታቸው ተነሳ። አንድ ፓርቲ፣ አንድ ስም፣ አንድ «ዘር»፤ አንዱ ወደ ካቢኔ፣ አንዱ ወደ እስር ቤት። የማንኛቸው መንገድ ልክ እንደሆነ እዚህ አንፈርድም፤ አንተ ራስህ ትፈርዳለህ። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ላይ «አማራ» የሚለውን ቃል ያየ መራጭ ሁለቱ ሰዎች ነገ የት እንደሚቆሙ ከዚያ ቃል ሊያውቅ አይችልም ነበር። ቃሉ ስለ ሰውዬው አቋም የሚናገረው ነገር አልነበረውም።

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። ተረቱ ደስ ይላል፤ ግን አመዱ ላይ የምንንከባለለው እኛ ነን። ይህን የሚጽፍላችሁ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ሦስት ዓመት ሥራ ሲፈልግ የቆየ ነው። ከክልል ውጭ አንድ ቦታ ማስረጃዬን ሳስገባ ስሜን አነበቡና «እዚያው አገራችሁ ብትሞክር አይሻልም?» አሉኝ። አንገበገበኝ። አገሬ ተመልሼ ሌላ መሥሪያ ቤት ስሞክር ደግሞ የጽሑፍ ፈተናው ሳይሰጥ የሚቀጠረው ሰው ስም በሰፈሩ ይወራ ነበር፤ እንደተወራውም ሆነ። የተቀጠረውም የእኛ፣ የቀጠረውም የእኛ፣ የቀረሁትም የእኛ። የመጀመሪያውን በደል ለመግለጽ ቃል አለን፤ «ዘረኝነት» እንለዋለን። ሁለተኛውንስ ምን እንበለው? ሁለቱም ሰውን በሥራው ሳይሆን በሐረጉ መመዘን ናቸው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን።

ከሥራ እጦቱ ባሻገር ወደ አካባቢያችን ጉዳይ ግባ። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ የባቡር መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። መጨረሻው እዚሁ ከወልድያ አጠገብ፣ ሃራ ላይ ነው። ባቡር መጣ ተብሎ ስንት ገበሬ መሬቱን ለቀቀ፤ ስንት ወጣት ሥራ አገኛለሁ ብሎ ጠበቀ። እስከዛሬ መንገደኛ አልጫነም። በጦርነቱም ተዘረፈ። እስቲ ላለፉት ምርጫዎች የወልድያና የሀብሩ ተወካይ ሆኖ የተወዳደረ ሰው ሁሉ ስለዚህ ባቡር መድረክ ላይ ተጠይቆ ነበር? የጊራና ሽንኩርት ገበሬ ምርቱ ሜዳ ላይ ሲበሰብስበት፣ ዋጋ ደላላ ሲወስንበት፣ «ለዚህ ምን አለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ዕጩ ማን ነው? የማን ልጅ እንደሆነ ግን ሁላችንም አውቀን ነበር።

በ2013 ደግሞ አስታውስ። ሰኔ 14 ቀን ተሰልፈን ድምፅ ሰጠን። ሁለት ወር ሳይሞላ ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ተያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ። ሆስፒታል ተዘረፈ፣ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ሰው ተገደለ፣ ሴት ተደፈረች። ከዚያ በኋላ ስለ ካሳ፣ ስለ መልሶ ግንባታ፣ ስለ ተጠያቂነት በምክር ቤት ውስጥ ተወካይህ ስንት ጊዜ እጁን እንዳወጣ ታውቃለህ? ስሙንስ ታስታውሳለህ? ብዙዎቻችን አናስታውስም። ድምፅ የሰጠነው ለሰው አልነበረማ።

የጎረቤት አገር ትምህርትም አለ። ኬንያ በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ምርጫ አካሄደች፤ ኪባኪና ራይላ ኦዲንጋ። ሕዝቡ በብሔሩ ተሰለፈ። ውጤቱ ሲያጨቃጭቅ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሜንጫ አነሳ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ኡሁሩ ኬንያታና ዊሊያም ሩቶ ያኔ በተቃራኒ ጎራ ነበሩ። ሁለቱም ከዚያ ግጭት ጋር በተያያዘ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሰሱ፤ ክሶቹ በኋላ ቢቋረጡም። እ.ኤ.አ. በ2013 ምን ሆነ መሰለህ? ሁለቱ ተቃቅፈው አንድ ላይ ተወዳደሩና አሸነፉ፤ አንዱ ፕሬዚዳንት፣ አንዱ ምክትል። መሪዎቹ ታረቁ፤ ለእነሱ ሲል የሞተው ገበሬ ግን አልተነሳም። ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብበው።

ኬንያውያን ከዚያ ደም በኋላ ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቁት ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት መሆን የሚፈልግ ሰው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ፣ ከዚያም በላይ ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ ውስጥ 25 በመቶ እንዲያገኝ ያስገድዳል። በአንድ ብሔር ብቻ ተማምኖ ማሸነፍ አይቻልም፤ የሌላውን በር ማንኳኳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩቶም ራይላም ኪኩዩ አልነበሩም፤ ሁለቱም ግን ምክትል አድርገው ያቀረቡት ኪኩዩ ነበር። ኡሁሩ ሕዝቡን «ራይላን ምረጡ» ቢልም አብዛኛው የኪኩዩ መራጭ ለሩቶ ሰጠ። ብሔርተኝነት ከኬንያ ጠፋ አንልም፤ አልጠፋም። ግን ሕጉ ሲቀየር የፖለቲከኛው ጠባይም እንደሚቀየር አየን። የራሱ ብሔር መሪ ያዘዘውን ትቶ የኑሮውን ጥያቄ የተከተለ ሕዝብ ሊኖር እንደሚችልም አየን።

እዚህ ላይ የምትለኝን አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ በዘሩ ተደራጅቶ እየመረጠ እኛ ብቻ በሐሳብ እንምረጥ ካልን እንበላለን» ትላለህ። ቀላል ክርክር አይደለም። ሕዝባችን አማራ በመሆኑ ተለይቶ ሲገደል፣ ሲፈናቀል ያየን ትውልድ ነን። በማንነቱ የተጠቃ ሕዝብ በማንነቱ ይደራጃል፤ ይህን ማንም ሊያሳፍረን አይችልም። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1984 ዓ.ም. መአሕድን ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ግን መደራጀትና ካርድን ሳይጠይቁ ማስረከብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመአሕድን ታሪክ ራሱ ተከተል። ድርጅቱ በኋላ መኢአድ ሆነ፤ በሩን ለሌላውም ከፈተ፤ በ1997 ከሌሎች ሦስት ድርጅቶች ጋር ቅንጅትን መሠረተ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ምን ሆነ? የሁሉም ብሔር ሰው የሚኖርባት አዲስ አበባ ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበር 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። የተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበሮቿንም እንዲሁ። ጉራጌውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ትግሬውም ባለበት ከተማ ይህ ድምፅ በአንድ ዘር የተገኘ አይደለም። ገዥው ፓርቲ ቅንጅትን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር እያመሳሰለ ያስፈራራው ለምን ነበር? ሰው በፍርሃት ተመልሶ ወደ ዘሩ እንዲገባለት ነዋ። በጥይት ነው የመለሰው፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የ193 ሲቪሎችን ሞት መዝግቧል። ሥልጣን ላይ ያለ ሁሉ ከምንም በላይ የሚፈራው በጉዳይ የሚመርጥ ሕዝብ ነው። በዘር የሚመርጠውን አስቀድሞ ቆጥሮታል፤ በጉዳይ የሚመርጠውን ሊቆጥረው አይችልም።

ሌላም ትላለህ። «ከ2015 ጀምሮ ክልሉ ጦርነት ላይ ነው፤ መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው በድሮን በሚሞትበት አገር ስለ ምርጫ ማውራት ቀልድ አይደለም?» እውነትህን ነው። ነፃ ሆኖ መሰለፍ፣ መናገር፣ መወዳደር በሌለበት የሚደረግ ምርጫ የሕዝብ ፈቃድ ነው ብለን አንቀበልም። የ2018ቱን 7ኛ ጠቅላላ ምርጫም የምንመዝነው በዚህ ነው። ግን ጦርነት ያልፋል። ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሥርዓት ውስጥ ሳጥኑ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ አሁን ያለውን ልማድ ይዘን ከሄድን፣ ስንት ደም ተከፍሎበት በመጣ ሳጥን ውስጥ ያንኑ «የማን ልጅ ነው?» ጨምረን እንመለሳለን። ሰው ጠባዩን የሚቀይረው በምርጫ ቀን ጠዋት አይደለም። ከአሁኑ ነው፤ በዕድር፣ በማኅበር፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ ሰብሳቢ ስንመርጥ ጀምሮ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም «የአንተው ነኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው፣ ያገሬ ልጅ ይሁን ከሩቅ የመጣ፣ እነዚህን ጠይቀው።

የሃራው ባቡር ጉዳይ የት ደረሰ? አንተ ምክር ቤት ብትገባ ማንን፣ መቼ፣ ምን ብለህ ትጠይቃለህ?

በጦርነቱ ለተዘረፈውና ለተገደለው የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ሰው ካሳና ፍትሕ እንዲገኝ ምን ዕቅድ አለህ?

ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠው ወጣት የሚቀጠርበት ውድድር በግልጽ እንዲሆን፣ የራስህን ዘመድ ጭምር ትከለክላለህ?

ከክልሉ ውጭ ያለው ወገናችን የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዲከበር ምን ታደርጋለህ? እዚህ ክልል ውስጥ ላለው ሌላ ሕዝብስ ያንኑ መብት ትጠብቃለህ?

ፓርቲህና የመራጭህ ጥቅም ሲጋጩ ከማን ጋር ትቆማለህ? በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው ይላል፤ ለፓርቲው የሚል ቃል የለበትም።

የመጨረሻው፤ ስንጠራህ ትመጣለህ? አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ሊያወርደው እንደሚችል ይናገራል። ከመመረጡ በፊት ይህን አንቀጽ ፊቱ አንብብለት፤ ፊቱንም እያየህ።

መልሱን ጻፈው፤ በስልክህ ቅረጸው። እህቴ፣ አንቺም ጠይቂ፤ ወንዶቹ ብቻ የሚጠይቁበት መድረክ ግማሽ መድረክ ነው። ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው የአጎትህ ልጅ ከሆነ ደስ ይበልህ፣ ምረጠው። መልስ የሌለው የአጎትህ ልጅ ከሆነ ግን ለሠርጉ ጥራው፣ ለቅሶው ላይ ድረስለት፤ ካርድህን ግን አትስጠው።

ሕዝቡን የሚወድ ብሔርተኛ ከማንም በፊት የሚጠይቀው የራሱን ሰው ነው።

ያነበባችሁ አድርሱት፤ የማትስማሙበትን ከታች ጻፉት፣ እንከራከር።